የላሽ ደብተር

"ላሽ" የሚለውን ቃል ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በጽሑፍ የከለከልኩት እኔ ነኝ። የክልከላው ወረቀት በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ በሁለተኛው ሳምንት ቃሉ ማጂ ደረሰ። ከዚያ በፊት ማጂ ውስጥ ላሽ የሚል ሰው እንዳልነበረ የማጂ ተወላጅ የሆነ የሒሳብ መምህር በምስክርነት ነግሮኛል። ቃሉ እንዴት እዚያ እንደደረሰ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ እንዴት ሚዛን እንደደረስኩ ልናገር፤ ነገሩ ስለ ቃል ይምሰል እንጂ ስለ መሄድ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የአማርኛ መምህር ሆኜ ስመረቅ ዕጣ አወጡልንና ሚዛን ተፈሪ ደረሰኝ። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ሌላ ከተማ አላውቅም ነበር። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። "ሁለት ዓመት ነው" አልኳት። ለሁለት ዓመት የተሰናበትኩትን ያህል ለሃያ ዓመት የሚሄድ ሰው አይሰናበትም። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የጎረቤት ሽማግሌዎችን ጉልበት ስሜአለሁ፤ የንስሐ አባቴን መስቀል ተሳልሜአለሁ፤ ተኮራርፌው የነበረውን አጎቴን ሳይቀር ቤቱ ድረስ ሄጄ ታርቄ ተመርቄአለሁ። እናቴ እስከ አስፋልቱ ወጥታ ሸኘችኝ። በእኛ አገር ሳይሰናበት የሄደ ሰው ከሌባ አይሻልም። እኔ ሌባ አልነበርኩም።

ሁለቱ ዓመት አሥራ አንድ ሆነ። በየሰኔው የዝውውር ፎርም እሞላለሁ። "ምክንያት" በሚለው መስመር ላይ "እናቴ አርጅታለች፤ ጧሪ የላትም" ብዬ እጽፋለሁ። በየዓመቱ እሷ አንድ ዓመት ትጨምራለች፤ እኔ ግን ዓረፍተ ነገሩን አልቀየርኩትም፤ ስሕተት አልነበረበትማ። መልስ አይመጣም። በየሁለት ክረምቱ ሄጄ አያት ነበር፤ ከዕረፍቱ ግማሹን መንገዱ ይበላዋል፤ ቀሪው ደግሞ ለስንብት ይሆናል።

የተከራየሁት ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከሚኖሩ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ግቢያቸው ከፊት ቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላ ቡና ነው። ቡናው ከጓሮ ይጀምርና ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ከላዩ ዋንዛ፣ ከሥሩ ጎደሬና ኮረሪማ። በየማለዳው የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው አንድ ኩባያ ያመጡልኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚጥሚጣው እያስለቀሰኝ ጠጣሁ። ባልቴቷ እናቴ ናፍቃኝ የማለቅስ መስሏቸው ኩባያውን ሁለት አደረጉት። እርግጥ እናቴም ናፍቃኝ ነበር፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም።

አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነው። አማርኛ የተማሩት ከተከራዮቻቸው ሲሆን፣ ተከራዮቻቸው በሙሉ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በዚህ የተነሳ አማርኛቸው ሁሉ በ"እርስዎ" ነው። አንተና አንቺ የሚባል ነገር የዚያን ቤት ደፍ አልረገጠም። ዶሮዋ ጓዳ ስትገባ "ኧረ ይውጡ" ይሏታል። ውሻውን "ይተኙ" ይሉታል። ዝናቡን እንኳ አንድ ቀን "አሁንስ አበዙት" ሲሉት ሰምቻለሁ። መምህር ነኝና ላርማቸው ሞከርኩ።

"እማማ፣ ዶሮ እኮ አንቺ ነው የምትባለው" አልኳቸው።

ዶሮዋን አዩ፤ እኔን አዩ። "ምን አደረጉኝ?" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ተውኩት።

የተከራየሁት ክፍል የልጃቸው ነበር። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቀደደ የእግር ኳስ ቡድን ሥዕል በገንፎ ተለጥፎ ነበር፤ የበረኛውን ጭንቅላት በረሮ በልቶታል። ላነሳው ስል "ይተዉት፤ የልጄ ነው" አሉኝ። ልጃቸው የት እንዳለ ጠየቅኋቸው።

"ላሽ አሉ" አሉኝ።

ቃሉን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። "ላሽ ምንድን ነው?"

"መሄድ ነው። ሳይናገሩ መሄድ።"

"ሳይሰናበት?"

"ሳይሰናበቱ" ብለው አረሙኝ።

ያን ቀን በልጁ ላይ ፈረድኩ። አላውቀውም፤ አልጋው ላይ ግን እተኛለሁ፤ ለመፍረድ ይህ ይበቃል ብዬ ገመትኩ። ዲማ ወርቅ ሲቆፍር አይተነዋል የሚሉ ነበሩ፤ ጅማ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሉም ነበሩ። እናቱ ሁሉንም ይሰማሉ፣ ለማንም መልስ አይሰጡም። እኔን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በየሰኔው ከትምህርት ቤት ስመለስ "ፎርሙን ሞሉ?" ይሉኛል። "ሞላሁ" እላለሁ። "አይመጣም" ይላሉ፤ ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ ያቀርቡልኛል። አሥር ጊዜ "አይመጣም" ብለዋል፤ አሥሩንም ልክ ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመቴ ቃሉ ትምህርት ቤት ገባ። ቡና ሊጭኑ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሾፌሮች አመጡት የሚሉ አሉ፤ ክረምቱን ዘመድ ቤት ከርመው የመጡ ተማሪዎች ናቸው የሚሉም አሉ። ብቻ የማልሰማበት ቦታ ጠፋ። ከክፍል የሾለከ ተማሪ ላሽ አለ ይባላል። ሂድ ከፊቴ ለማለት ላሽ በል። ሰላም ብሏት ዝም ያለችው ልጅ ላሽ ብላዋለች። ተነሡ እንሂድ፣ ላሽ እንበል። ፈተና ላይ ያስቸገረህን ጥያቄ ላሽ በለው። በመምህራን ክበብ መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ሊያይ የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ ድምፅ "ላሽ አለ" ይላል። ይህን የሚሉት መምህራን ናቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ የሥነ ዜጋ መምህራን ነበሩ።

"የማልረሳው ቀን" በሚል ርእስ ድርሰት አስጻፍኩ። ከሸኮ በኩል የመጣ አንድ ረጅም ተማሪ "አያቴ ብዙ ታሞ በጥቅምት ላሽ አለ" ብሎ ጻፈ። ጠራሁት።

"ሰው ሲሞት ምን ይባላል?"

"ሞተ ይባላል።"

"ታዲያ?"

"ሞተ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከፋኝና ሰረዝኩት።"

ሁለት ማርክ ቀነስኩበት። ዛሬ ቢሆን አልቀንስበትም ነበር።

በዚያው ሰሞን ዳይሬክተሩ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ተማሪ ለሌላው "ዳይሬክተሩ ላሽ ብሏል" ሲል ሰማ። የአማርኛ ክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ እኔን አስጠራኝ። ቃሉ መከልከል አለበት አለ። "ትርጉሙን ሳናውቅ ከከለከልን ግን ወላጅ ይጠይቀናል፤ አጥናና አቅርብ" ብሎ አሰናበተኝ። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዛሁና ጥናት ጀመርኩ።

ትርጉሙን መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ጆሮ መክፈት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አስቸጋሪው ከየት መጣ የሚለው ሆነ፤ የማያውቅ ሰው ጠፋ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ መውጣት እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። የጣሊያን ቃል ነው አሉኝ። "ድንጋይ በገመድ ስናወርድ ፎርማኑ 'ላሻ' ሲል እንለቃለን" አሉ።

"ሳይል ብትለቁስ?"

"ሥር ያለው ሰው ያልቃል።"

"ብሎ ባትለቁስ?"

"ድንጋዩ እኛን ይዞ ይወርዳል" አሉ፣ እንዴት ይህ ይጠፋሃል በሚል ዓይን እያዩኝ።

ከባልቴቷ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰው ወላጆቹ ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊም ነው፤ ጨው፣ ሳሙናና የራዲዮ ባትሪ ይሸጣል። በሚዛን ያፈራሁት የመጀመሪያ ወዳጄ እሱ ነው። ቃሉ ዓረብኛ ነው አለኝ። "ላ ሸይእ ማለት ምንም ነው። መምህር፣ ሰው ለቆት የሄደ ቤት ቢገቡ ምን ያገኛሉ? ምንም። ላ ሸይእ።" ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ባልቴቷ በር ሄደ፤ እኔ እየጻፍኩ ስለነበር ብዙም ልብ አላልኩትም።

የጂኦግራፊው መምህር ደግሞ አማርኛ ነው ብሎ ተሟገተኝ። ላሽ የራስ ቆዳ በሽታ ነው፤ የያዘው ሰው ፀጉሩ ሳይሰናበተው ይሄዳል፤ ከዚያ የመጣ ነው አለ። እሱ ራሱ አናቱ ላይ ምንም ስላልነበረው በሥልጣን ነበር የሚናገረው። እኔ በበኩሌ ቃሉ "ላሸቀ" ከሚለው ግሥ ወጥቶ የምግባር መላሸቅን ያመለክታል ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ አልነበረኝም። ዳይሬክተሩ ከሁሉም የወደደው ይህንን ነው።

ባልቴቷንም ጠይቄአለሁ። የቡና ቅጠሉን እየቀዱ "ከልጄ ነው የመጣው" አሉ። "ጅማ ከርመው ሲመለሱ ይዘውት መጡ።"

"እሱስ ከማን ሰማው?"

"አልጠየቅኋቸውም" አሉ።

ይህንን ደብተሩ ላይ አላሰፈርኩትም። የቃል ምንጭ እንዲህ አይደለም፤ አንድ ልጅ ከጅማ ይዞት መጣ ተብሎ አይጻፍም ብዬ ነው።

ማስታወቂያውን በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። "ላሽ የሚለውን ቃል በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መናገርም ሆነ መጻፍ ክልክል ነው" አልኩና፣ አላወቅሁም ነበር የሚል እንዳይኖር ሰባት ትርጉሞቹን እያንዳንዳቸው ከምሳሌ ዓረፍተ ነገር ጋር ዘረዘርኩ። በሦስት ዓመት ማስተማር ውስጥ ተማሪዎች ሳይታዘዙ የጻፍኩትን ሲገለብጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ወይ ሦስት ትርጉም ነበር የሚያውቁት፤ ሰባቱንም አስተማርኳቸው። ዓርብ ከሰዓት ወደየቀበሌያቸው ሲበተኑ ደብተራቸውን ይዘው ነው። ወደ ሸኮ የሄደው በእግሩ፣ ወደ ቴፒና ወደ ማጂ የሄደው በጭነት መኪና።

"ምሳሌውን ማን ጨምር አለህ?" አለኝ ዳይሬክተሩ።

"ትርጉም ያለ ምሳሌ አይሰጥም" አልኩት። እስከ ዛሬም በዚህ አቋሜ እንዳለሁ ነኝ።

ወደ ቡናው ልመለስ። በባልቴቷ ግቢ ለልጅ ቡና የመትከል ልማድ ነበር። ልጁ ሲወለድ አባቱ ስድስት እግር ቡና ተከሉለት፤ የእሱ ስድስት እግር ተብሎ ይቀራል። አባትየው ካረፉ ቆይተዋል፤ ስድስቱ እግር ግን ከዋንዛው ሥር ጥግ ይዘው አሉ። በመልቀሚያው ወራት ባልቴቷ የቤቱን ቡና ለቅመው ሲጨርሱ የልጁን ለብቻ ይለቅማሉ፤ ከቤቱ ቡና አጠገብ በሌላ ሰሌን ያሰጣሉ፤ ሲደርቅ በሌላ ጆንያ ከተው እኔ የምተኛበት አልጋ ሥር ያስቀምጣሉ። አይሸጡትም፤ አይጠጡትም። የከረመው ጆንያ ውስጥ ነጭቶ ስንዴ ለመምሰል ምንም አልቀረውም። በየዓመቱ አልጋዬ ትንሽ ከፍ ይላል።

እኔ የጤፍ አገር ሰው ነኝ። የተሰጣ እህል ዝናብ ከመጣበት ሁሉንም በአንድ አፍሶ ማስገባት እንጂ የማን የማን ነው አይባልም። በዘጠነኛው ዓመቴ በኅዳር፣ ባልቴቷ ለቅሶ ሄደው ሳለ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ጠቆረ። ድርሰት እያረምኩ ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን ጥዬ ወጣሁ፤ ሁለቱን ሰሌን አንዱ ባንዱ ላይ ገልብጬ፣ ቡናውን በአንድ ክምር አድርጌ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ አስገባሁ። አንድ ፍሬ አልረጠበም። እውነቱን ለመናገር ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር።

ባልቴቷ በስብሰው መጡ። ፕላስቲኩን ገለጡ። ክምሩን ለብዙ ጊዜ አዩት። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ቡና ከቡና አይለይም። የዚያኛው ፍሬ ከዚህኛው ምንም ምልክት የለውም።

"እማማ፣ እኔ..." ብዬ ቃል ጠፋኝ፤ የአማርኛ መምህሩ።

"ላሽ ይበሉት" አሉ።

ይህ አጠቃቀም ከሰባቱ ውስጥ ሦስተኛው ነው፤ ተወው፣ እርሳው። ትርጉሙን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገረው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ጣሳ ይዘው ተቀመጡና ከክምሩ እየሰፈሩ ወደ ልጁ ጆንያ ገለበጡ። ስድስቱ እግር በዓመት ስንት ጣሳ እንደሚሰጡ ያውቃሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ የጆንያውን አፍ ያዝኩላቸው። ያ ጆንያ ከዚያ በኋላ የልጁ ቡና ነው ይባል፣ አይባል፣ አልጠየቅሁም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት በነሐሴ ዝውውሩ መጣ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሜ ልክ ነው፣ ማኅተሙ ልክ ነው። እናቴ ያን ጊዜ አንድ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ሌላው ሳይጠፋ ልታየኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ባልቴቷ በር ድረስ ቆየ። እዚያ ስደርስ "ዘንድሮም አልመጣም?" አሉኝ።

"ገና ነው" አልኩ።

ለሃያ ቀን ያህል "ገና ነው" አልኩ። በየማለዳው ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እነሣለሁ፤ የቡና ቅጠሉ ይመጣል፤ ጠጥቼ እሄዳለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አገር ያዳረሰ ተሰናባች፣ አንዲት አሮጊት ፊት አፌ ተያዘ። መምህራኑ ሽኝት አደረጉልኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳይሬክተሩ ባደረገው ንግግር ላሽን ስለመታገሌ አነሣ፤ ሲጨርስ ከኋላ አንዱ "እንግዲህ ላሽ እንበል" አለና ሁላችንም ተነሣን። ጋቢውን ቤት ይዤው ለመግባት አፍሬ ሱቅ ነጋዴው ጋር አኖርኩት።

የምሄድበት ቀን ጳጉሜን ውስጥ ዋለ። ወደ ጅማ የሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አግኝቼአለሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ በር ድረስ መጥቶ ይወስደኛል። በዚያ ጧት ልነግራቸው ቆርጬ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። የቡና ቅጠሉ የለም። ምድጃው ቀዝቅዟል። ባልቴቷ የሉም። ከክፍሌ ደጃፍ ላይ አፉ በጥሩ ሁኔታ የተሰፋ ትንሽ ጆንያ ተቀምጧል። ገበያ ሄደው ይሆናል ብዬ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት አለፈ። አይሱዙው መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ሾፌሩ ወንዙ ሳይሞላ መሻገር አለብን እያለ ይነጫነጫል። ሱቅ ነጋዴው ጋቢዬን ይዞልኝ መንገዱን ተሻገረ።

"አይመጡም" አለኝ።

"የት ሄደው ነው?"

ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አደረገና አጠገቤ ተቀመጠ። "መምህር፣ አንድ ነገር ነው ያልጻፉት። ያ ልጅ ሳይሰናበት አልሄደም።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"እዚህ በረንዳ ላይ ነው የተቀመጠው። ሻንጣውን ይዞ። ከጧት እስከ ቀትር። እናቱ ካልመረቁት አይሄድም ብለው ቡናው ውስጥ ገቡ። ካልወጣሁ ይቀራል ብለው ነው እኮ። ሲጣራ እዚያ ሱቄ ድረስ እሰማለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ከእኔ ይቀርባሉ። በመጨረሻ ወደ ቡናው ዞሮ 'በቃ እማ፣ ላሽ ልበል' አለ። ሄደ። ወላሂ በእኔ ዓይን ፊት።"

"ታዲያ ሳይሰናበት ሄደ ያሉኝ?"

"ምን ይበሉ?" አለ።

አሥራ አንድ ዓመት በልጁ ላይ ፈርጄ፣ በአልጋው ላይ ተኝቼአለሁ። እኔ ደግሞ እናቴን በሦስት ቀን ሥርዓት ተሰናብቼ አሥራ አንድ ዓመት ጠፍቼባታለሁ። ከሁለታችን ማን ላሽ እንዳለ ደብተሩ አይመልስም። ሾፌሩን አንድ ጊዜ ጠብቀኝ አልኩት። ሁለተኛ አልጠብቅም አለ። ሱቅ ነጋዴው ሊያነጋግረው ተነሣ፤ እኔ በጓሮ ዞሬ ቡናው ውስጥ ገባሁ።

ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው። ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። ከዋንዛው ሥር፣ ከስድስቱ እግር መካከል፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ቆመዋል። በቅርንጫፎቹ ላይ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ እንደ ሰው እጅ ይዘውታል።

"እማማ" አልኩ።

አልዞሩም። "ገና አልሄዱም?"

"መኪናው እየጠበቀኝ ነው።"

"ጆንያውን አዩት?"

"አየሁት።"

"ለእናትዎ ነው" አሉ። የያዙትን ቅርንጫፍ ነቀነቁት። "ከእነዚህ ከስድስቱ ነው። ያላረጀውን ነው የከተትኩት።"

ላመሰግን ፈለግሁ፤ ይቅር ይበሉኝ ልል ፈለግሁ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ በእኛ አገር ሥርዓት። እሳቸው ይህን ሥርዓት አያውቁትም። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩና ትንሽ ቆዩ። ከመንገድ በኩል አይሱዙው እንደገና ጮኸ።

እጃቸውን አነሡ።

"ላሽ ይበሉ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።